ዝናሩ ከግድግዳ ይውረድ

ክረምት ሲገባ ጥያቄያችሁ ይለወጣል። በበጋ ክርክሩ "ከምንሽርና ከዲሞትፈር ጠመንጃ የቱ ይበልጣል" ነው። ሐምሌ ሲመጣ ሁሉም ስለ ዝገት ይጽፋል። እውነታችሁን ነው። የጎንደር ክረምት ጫማን አልጋ ስር ያሻግታል፣ ልብስን ገመድ ላይ ያሰነብታል። ጥይትም የዚሁ ቤት ዕቃ ነው።

አዲስ አንባቢ ካለ፣ እኔ ዕድሜዬን በመሣሪያ ግምጃ ቤት የጨረስኩ ሰው ነኝ። ሥራዬ መተኮስ አልነበረም። መቁጠር፣ መጥረግ፣ መደርደርና "ይህ ተበላሽቷል፣ ይወገድ" ብሎ መፈረም ነበር። ስለዚህ ከዚህ ዓምድ የጀብዱ ወሬ አትጠብቁ። የምመልሰው ደግሞ ፈቃድ ላለው ሰው ነው። ፈቃድ ለሌለው የምለው አለኝ፤ እሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አስተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ማራኪ ነው። አባቴ ሲያርፉ ምንሽራቸውንና ዝናራቸውን ለእኔ ተዉልኝ። ፈቃዱን በስሜ አውጥቻለሁ። ዝናሩ ጥይቱን እንደያዘ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በዚህ ክረምት ጥይቶቹ አረንጓዴ ነገር አወጡ። ከእርጥበቱ ነው? በሎሚ ልጠባቸው?

መልስ፦ ልጄ፣ ሎሚውን ለሰላጣ አድርገው። አሲድ ያበላሸው ነገር በአሲድ አይታጠብም።

እርጥበቱ ግብረ አበር ነው። ዋናው ተጠያቂ ዝናሩ ነው። ቆዳ ሲለፋ የገባበት አሲድና ጨው ሙሉ በሙሉ ታጥቦ አይወጣም። በበጋ ዝም ብሎ ይተኛል። ክረምት ላይ ቆዳው እርጥበት ሲጠጣ ይነቃል። ቀለሃው፣ ባሩዱን የያዘው የጥይቷ ቅርፊት፣ ናስ ነው፤ ናስ ማለት መዳብና ዚንክ ነው። አሲዱ መዳቡን ይበላዋል። የምታየው አረንጓዴ የመዳቡ ዝገት ነው።

ካላመንከኝ አንዷን ከኪሷ ጎትተህ መስኮት ጋ ውሰዳት። ቀስ አድርገህ አዙራት። ጫፏ፣ እርሳሱ ያለበት፣ ንጹህ ነው። ቂጧም ብዙ ጊዜ ንጹህ ነው። አረንጓዴው መሃሏ ላይ ብቻ፣ ቆዳው ያቀፋት ቦታ ላይ ብቻ ዙሪያዋን ተጋግሯል። ጥፍርህን ብትሰድበት ሰም ሰም ይላል። ቆዳው የቆመበት መስመር ላይ እሱም ይቆማል። ጥፋቱ የአየሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለመናዋ በእኩል ይወይብ ነበር።

እንግዲህ ዝናሩ ከግድግዳ ይውረድ። መጀመሪያ ምንሽሩ ባዶ መሆኑን እይ። ልጆቹን ውጭ ላካቸው። ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጣና ደረቅ የጥጥ ጨርቅ ላይ ደርድራቸው። ከዚያ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ጥረግ። ጨርቅ ብቻ። ቢላዋ የለም፣ ብርጭቆ ወረቀት የለም፣ አመድ የለም። ናሱ ስስ ነው። ፋቅ ፋቅ ባደረግኸው ቁጥር ይበልጥ ይሳሳል፤ ሲተኮስ የሚይዘው ደግሞ ያ ስስ ግድግዳ ነው።

ከተጠረገች በኋላ ጥፍርህን እላይዋ ላይ አሂድ። ቀለሟ ብቻ ከጠቆረ፣ ጥፍርህም እንቅፋት ካልመታው፣ ደህና ናት። መጥቆር በሽታ አይደለም። ጥፍርህን የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ግን ናሱ ተበልቷል፤ ለይተህ አስቀምጣት። እርሳሱ ከቀለሃው በሚገናኝበት አንገት ላይ አረንጓዴ ከወጣም ለይ። ቂጧ ላይ መርፌው የሚመታት ትንሽ ክብ ዙሪያዋ ከዛገም ለይ። እርሳሱ በእጅ ሲነካ ከተነቃነቀም እንዲሁ። የተለየው ወዴት እንደሚሄድ ለመጨረሻዋ ጠያቂ የመለስኩትን አንብብ።

ብዙዎች አንገቷ አካባቢ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ጥላ ሲያዩ "እሳት ነክቷታል" ብለው ይጥላሉ። እሱ የፋብሪካ ምልክት ነው። አንገቱ እንዳይሰነጠቅ ሲሠራ በእሳት ያለዝቡታል፤ ጥላው የዚያ ትራፊ ነው። አትፍራው።

ዝናሩን በተመለከተ፣ የአባትህ ነውና አክብረው። ጥላ ውስጥ አድርቀው። ከፈለግህ መልሰህ ስቀለው፣ ግን ባዶውን። የአባት ማስታወሻ ለመሆን ጥይት አያስፈልገውም። እንግዳ በገባ ቁጥር ልጅ እጁን የሚሰድበት ቦታ ላይ ጥይት መስቀል ድሮም አልወደውም ነበር።

ጥያቄ፦ እህታችሁ ነኝ፣ ከጠዳ። ባለቤቴ ጥይቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ጤፍ ጎታ ውስጥ ይቀብራል። "ጤፍ እርጥበት ይጠጣል፣ ሌባም አያስበውም" ይላል። ዘንድሮ ስናወጣው ጥቁር ሆኗል። እኔ የፈራሁት ጥይቱን ሳይሆን ጤፉን ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ የፈራሽው ትክክል ነው። ባለቤትሽ ስለ ሌባው ልክ ሊሆን ይችላል። ስለ ጤፉ ግን ተሳስቷል።

እህል እርጥበት ይጠጣል፣ እውነት ነው። የጠጣውን ግን ይዞ ይቆያል እንጂ አያጠፋውም። ክረምት ላይ ጎታው ራሱ እርጥብ ነው፤ ጥይቱን እርጥብ ነገር መሃል መቅበር ነው ትርፉ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጎታው ውስጥ የነቀዝ ክኒን ጨምራችኋል? ያቺ አመድማ ክብ ክኒን፣ ፎስቶክሲን የሚሏት? ከሆነ የጥቁረቱ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው። ክኒኗ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ናት። እርጥበት ስታገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ትለቃለች። ነቀዙን የሚገድለው ጋዙ ነው። ይህ ጋዝ መዳብንና መዳብ ያለበትን ብረት ሁሉ ይበላል፤ እርጥበት ሲኖር ደግሞ ይብስበታል። ጥይት ናስ ናት፣ ናስ ውስጥ መዳብ አለ።

ከጥይቱ የሚበልጠው ነገር ግን ይህ ነው። ያ ጋዝ ሰውም ይገድላል። ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ ክኒኗን መጠቀም አይገባም። ጎታው ከመኝታችሁ ጋር አንድ ጣሪያ ስር ከሆነ፣ ዛሬውኑ የግብርና ባለሙያውን አማክሪ። ጥይቱ ለነገ ይደር።

ጤፉ ላይ ደግሞ የእርሳስ ጉዳይ አለ። የቆዩ ጥይቶች አንዳንዶቹ ጫፋቸው ራቁት እርሳስ ነው። እርሳስ መርዝ ነው፣ በተለይ ለሕፃናት። በየጊዜው እየተቀበረ፣ እየወጣ፣ እየተሻሸ ብናኙ ከእህል ጋር ይቀላቀላል። በጨርቅ መጠቅለሉ አያድንም። ጥይትና የሚበላ ነገር አንድ ቦታ አይቀመጡም። ባልሽ ካንገራገረ ይህን ገጽ አሳዪው፤ ከእኔ ጋር ይጣላ።

ጥያቄ፦ ከጎርጎራ በኩል ነኝ። ጥይቱን ከብቶቹ ከሚያድሩበት ጋጣ በላይ፣ ቆጡ ላይ ነው የማስቀምጠው። ውሃ አይደርስበትም። ዝገትም የለውም። ግን አንዳንዶቹ ቀለሃቸው በቁመቱ ተሰንጥቋል። ማን መታቸው?

መልስ፦ የመታቸው የከብቶችህ ሽንት ነው። አትሳቅ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ሕንድ አገር ላይ ይኸው ነገር ገጥሟቸዋል። ዝናቡ ሲበረታ ዘመቻ ይቀዘቅዛል፣ ጥይቱ ፈረሶች በሚያድሩበት ጋጣ ይከማቻል። ዝናቡ አልፎ ሲወጣ ብዙው ቀለሃ ተሰንጥቆ ተገኘ። ማንም አልመታው፣ ማንም አልረገጠው። ምክንያቱ በደንብ የተብራራው ቆይቶ፣ በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። ከሽንት የሚወጣው አሞኒያ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀለሃ ሲሠራ ናሱ በማሽን እየተገፋና እየተሳበ ነው የሚረዝመው። በዚያ ጊዜ የገባው ውጥረት ውስጡ ይቀራል። ለዓይን አይታይም። አሞኒያና እርጥበት ሲገናኙ ያንን ውጥረት ተከትለው ይገባሉ፣ ናሱም በራሱ ጊዜ ይሰነጠቃል። ከላይ ዝገት ላይኖር ይችላል። ለዚህ ነው አንተም ዝገት ያላየኸው። አንገቱን በእሳት ማለዘብ፣ ቅድም ለማራኪው አስተማሪ ያልኩት ጥላ፣ ውጥረቱን ለማርገብ የሚደረግ ነው።

የእናንተ አካባቢ ደግሞ ጣና ዳር ነው። እርጥበቱ በበጋም አይለቅም። ከስር ጋጣ፣ ከጎን ሐይቅ! ከዚህ የከፋ ቦታ ፈልገህም አታገኝም።

የተሰነጠቀውን አትተኩስ። ቀለሃ የሚይዘው ጋዝ በስንጥቁ ወደ ኋላ ይወጣል፤ ወደ ኋላ ያለው ደግሞ ፊትህ ነው። ያልተሰነጠቀውንም ከዚያ ቦታ አውርድ። የዶሮ ቤት፣ የመጸዳጃ ቤት አጠገብ፣ ፍግ የሚከመርበት ጥግ፣ ሁሉም አንድ ነው። ሱቅ የሚሸጠው የናስ ማብረቂያም አሞኒያ ያለበት ብዙ ነው። ጥይት አብረቅርቆ ማየት የሚወድ ሰው አውቃለሁ፤ እኔ ግን የጠቆረ ደህና ጥይት ከተብረቀረቀ ስንጥቅ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ከፒያሳ፣ ብረታ ብረት ሠራተኛ ነኝ። ክዳኑ ጎማ ያለው የቆርቆሮ ሳጥን አለኝ። እርጥበት እንዲመጥ ምን ልጨምርበት? አንዱ ጨው ይላል፣ አንዱ ሩዝ፣ አንዱ ኖራ።

መልስ፦ ሦስቱንም ተው።

ጨው እርጥበት ይስባል፤ ብዙ ከሳበ ግን ራሱ ይቀልጣል። ክረምት ላይ የጨው ዕቃ ጠርዙ ሲረጥብ አይተህ የለም? ያ የጨው ውሃ ናስም ብረትም ይበላል። ሩዝ የሚመጠው ኢምንት ነው። ጥሬ ኖራ ደግሞ ውሃ ሲነካው ይግላል፣ ብናኙም ያቃጥላል። ኖራ የፋሲልን ግንብ ይያዝ፣ ከባሩድ ጋር ምን አገናኘው።

የሚሠራው ሲሊካ ጄል ነው። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ፣ መድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ የምታገኛት ትንሽ ከረጢት። ግን ከካርቶን ወጥታ መሳቢያህ ውስጥ የከረመችው የምትችለውን ጠጥታለች፤ ከእንግዲህ አትረዳህም። ፍሬው በቀለም የሚናገረውን ካገኘህ ጥሩ ነው። አንዱ ዓይነት ደረቅ ሲሆን ሰማያዊ ነው፣ ሲጠግብ ሮዝ ይሆናል። 120 ዲግሪ አካባቢ ኦቭን ውስጥ ብታቆየው ውሃውን ለቆ መልሶ ሰማያዊ ይሆናል፤ ደጋግመህ ትጠቀምበታለህ። ነገር ግን ሰማያዊው ቀለም ኮባልት ነው፤ መርዝነት አለው። እንጀራ በሚጋገርበት ምጣድ ላይ እንዳታደርገው፣ ሚስትህ ብትፈቅድም። ማድረቁን ደግሞ ጥይት በሌለበት ክፍል አድርገው።

ሳጥኑን ከማመንህ በፊት ፈትነው። ቁራጭ ወረቀት ክዳኑና ጎማው መካከል አድርገህ ዝጋ። ወረቀቱን ሳብ። እምቢ ካለ ጎማው በሕይወት አለ። ሹልክ ብሎ ከወጣ ጎማው ሞቷል። አራቱንም ጎን እንደዚያ ሞክር። አንተ ብረት ሠራተኛ ነህና ጠማማ ክዳን ማቅናት አይከብድህም።

ከምትጨምረው ነገር የሚበልጠው ግን የምትዘጋበት ቀን ነው። በሐምሌ ዝናብ መሃል ጥይት አስገብተህ ግጥም አድርገህ ከዘጋህ፣ የሐምሌን አየር አብረህ ቆለፍክበት። ፌስታል ውስጥ ጠቅልለው የሚያስሩ ሰዎችም ችግራቸው ይኸው ነው። መዝጋት ያለብህ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ በወጣበት ደረቅ ቀን ነው። "አሁን ክረምት ነው፣ ምን ላድርግ" ካልክ፣ አዲስ የደረቀ ሲሊካ ጨምረህ ዝጋ፣ ከሳምንት በኋላ ቀለሙን እይ፣ ከጠገበ ለውጠው። በጋ ሲመጣ ደግሞ እንደገና በወጉ ዝጋው። የእርጥበት መለኪያ፣ ሃይግሮሜትር የሚሉት፣ ካለህ ሳጥኑ ውስጥ ከ40 እስከ 50 በመቶ ቢያሳይ ደስ ይበልህ።

ከዚያ በኋላ አትነካካው። ሳጥን በተከፈተ ቁጥር ሥራው ከዜሮ ይጀምራል። በተለይ ሳጥኑ ቀዝቃዛ ቦታ አድሮ ሙቅ ክፍል ካስገባኸው፣ እንደገባ አትክፈተው። ከፍሪጅ የወጣ የዳሽን ቢራ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ጥይቱም ላይ እንዲሁ ላብ ይወጣል። ሳጥኑ ተዘግቶ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጥቂት ሰዓት ተወው።

የጎንደርን ጥይት ከዝናቡ ይልቅ የሚጎዳው ይህ የሙቀት መለዋወጥ ነው እላለሁ። ቆርቆሮ ጣሪያ ቀን ይጋላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ኮርኒስ ላይ የተቀመጠ ጥይት ክረምት ከበጋ ሲያልበው ያድራል። ስለዚህ ኮርኒስ ላይ አይሁን። መሬት ላይ አይሁን፤ ሲሚንቶም ይረጥባል። ከውጭ ግድግዳ ጋር አይጠጋ። የድንጋይና የጭቃ ቤት ከሆነ ይህ ድርብ ይሠራል። ማድ ቤት በፍጹም፤ የእንጀራው እንፋሎት ብቻ ሳይሆን እሳቱም አለ። በቤቱ መሃል፣ ከውስጥ ግድግዳ ጋር፣ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት መደርደሪያ። ሳጥኑ ቁልፍ ይኑረው። የሳጥኑ ቁልፍና የመሣሪያው ቁልፍ አንድ ቀለበት ላይ አይንጠልጠሉ።

ከፋብሪካው በቆርቆሮ ታሽጎ የመጣ፣ ያልተከፈተ ካለህ ግን ዝም ብለህ ተወው። እሱን ካሸገው ሰው የተሻለ አታሽግም።

ጥያቄ፦ ጥይት ዘይት ቢቀባ አይሻልም? ኑግ? የሞተር ዘይት? (ከቆላ ድባ)

መልስ፦ አይሻልም። ዘይት ሰርጎ ይገባል። በአንገቱ ወደ ባሩዱ፣ በቂጡ ወደ ማቀጣጠያው። ያን ጊዜ ጥይቷ ወይ አትጮህም፣ ወይ ግማሽ ትጮሃለች። ሁለተኛዋ ትብሳለች። በቆርቆሮ ጣሳ የሚረጩት የዝገት ማላቀቂያ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሰርጓጅ ነው። በዘይት የራሰ ቀለሃ ሲተኮስ የመሣሪያውን መዝጊያም ከልኩ በላይ ይገፋዋል።

ዘይቱ ለመሣሪያው ነው። እሱንም ካነሳህ፣ የድሮ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ አፈሙዙ ውስጥ ጨው ይተዋል። ከማቀጣጠያው የሚመጣ ጨው ነው። እርጥበት ይስብና በአንድ ሌሊት ያዝጋል። ጨውን ዘይት አያሟሟውም፤ ውሃ ነው የሚያሟሟው። ስለዚህ መጀመሪያ የፈላ ውሃ፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይዘልና "ዘይት ቀብቼው ዛገ" ይለኛል።

ጥያቄ፦ መተማ ነው ያለሁት። እኛ ጋ እርጥበት የክረምት ብቻ ነው፣ ሙቀቱ ግን ልዩ ነው። ለጥይት ሙቀት ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ቀስ ብሎ ይገድለዋል። የዛሬ ባሩድ ከተሠራ ጀምሮ በጣም በዝግታ እየፈረሰ የሚሄድ ነገር ነው። ፍርስራሹ አሲድ ነው። ያንን አሲድ የሚይዝ ማረጋጊያ ፋብሪካው ይጨምርበታል። ማረጋጊያው ግን ያልቃል፣ ሙቀት ሲበዛ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ካለቀ በኋላ ቀለሃው ከውስጥ ወደ ውጭ መበላት ይጀምራል። ከላይ ንጹህ የመሰለች ጥይት አንገቷ ስር አረንጓዴ ካወጣች፣ ወይም ሳጥኑ ሲከፈት ኮምጠጥ ያለ የአሲድ ሽታ ከመጣ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ያንን ክምችት አትንካው፣ ለፖሊስ አሳውቅ። ለማየት ብለህ ጥይት አትፍታ።

መኪና ውስጥ አትተው። ቆርቆሮ ስር አትተው። በቤታችሁ ቀን ቀን ሰው ጥላ ፍለጋ የሚቀመጥበት ክፍል አለ አይደል? እዚያ አስቀምጥ፤ ተቆልፎ።

ጥያቄ፦ ጥይት "ቀጭ" ብላ ዝም ስትል ምን ይደረጋል? ወንድሜ ወዲያው ከፍቶ አወጣት። (ከአርማጭሆ)

መልስ፦ ወንድምህ እድለኛ ነው። እርጥበት የገባባት ጥይት ዘግይታ ልትጮህ ትችላለች። አፈሙዙን ሰው፣ ከብት፣ ቤት ወደሌለበት እንዳዞርክ ቁም። አንድ ደቂቃ ሙሉ። ፊትህን ከመዝጊያው ዞር አድርገህ። ከዚያ ነው የሚከፈተው።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ "ፕስ" የምትለው ናት። ድምጿ አነስ፣ ግፊቷ አነስ ካለች ወዲያው አቁም። እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከኋላዋ ሌላ ከተኮስክ አፈሙዙ ይፈነዳል። መሣሪያውን አራግፈህ፣ ከመዝጊያው በኩል ብርሃን አሳይተህ፣ ሌላኛው ጫፍ ድረስ ካልታየህ ለባለሙያ ውሰደው። በሠርግ ሞቅታ መሃል ይህን የሚያስታውስ ሰው አላየሁም። ለሠርግ እልልታ ይበቃል፤ ወደ ሰማይ የተተኮሰው መውረዱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ አዘዞ መሠረት ስናስቆፍር የበሰበሰ ሣጥን ወጣ። ውስጡ ጥይት ይመስላል። ሠራተኞቹ ናሱን ሊሸጡት ነው።

መልስ፦ አስቁማቸው። ይህን ስታነብ ራሱ ደውል።

ጎንደርና አካባቢዋ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጣሊያን እጁን የሰጠበት የመጨረሻው ትልቅ የውጊያ ቦታ ነበር። ቁልቋል በርም አዘዞም በዚያ ውጊያ ውስጥ ነበሩ። ከዚያም ወዲህ ብዙ አልፏል። መሬቱ ያልነገረን ብዙ ነገር አለ። ከጥይት ጋር ቦምብም ተኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ቦምብ ደግሞ ስለዛገ አይሞትም። ማንም አይንካ፣ ማንም አያንሳ፣ በአካፋ አይምታ። አካባቢውን አጥራችሁ ለፖሊስ ንገሩ። ስለ ናሱ ዋጋ አትንገረኝ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፉ ቆየ። ሰሞኑን ሣጥናቸውን ስከፍት በጋቢ የተጠቀለለ ጥይት አገኘሁ። መሣሪያው የለም፣ ልጃቸው ድሮ አስረክቧል። ፈቃድም የለኝ። አንዳንዱ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ጥቁር ነው። ጎረቤቴ "እሳት ውስጥ ጣይው፣ ወይ አንገረብ ወርውሪው" አለችኝ። ደግሞ ፖሊስ ቢያስረኝስ? (እናት፣ ከቀበሌ 10)

መልስ፦ እናቴ፣ እሳቱን በምንም ዓይነት አያስቡት። መሣሪያ ውስጥ ያልገባች ጥይት እሳት ላይ ስትፈነዳ እርሳሱ ሩቅ ላይሄድ ይችላል፤ ቀለሃው ግን ተቦጫጭቆ ይበተናል። ዓይን የሚያጠፋው እሱ ነው። አንገረብም አይሆንም። ከተማው የሚጠጣው ከዚያ ነው፤ ውሃው ሲጎድል ደግሞ ሕፃናት ያገኙታል። መጸዳጃ ጉድጓድም አይሆንም። ለቆሻሻ ጫኞችም አይስጡ።

ስለ ሕጉ ልንገርዎ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ስለዚህ "ዛሬ ነገ" ማለቱ ነው ለእርስዎ የሚከፋው። የሟች ባልዎን ሣጥን ከፍተው ያገኙትን ነገር ወዲያው መናገርና ደብቆ መያዝ አንድ አይደሉም። ቤት ውስጥ ባቆዩት ቁጥር ግን ነገሩ እየተቀራረበ ይሄዳል።

እንዲህ ያድርጉ። ጥይቶቹን አይቁጠሩ፣ አይጥረጉ፣ ጋቢውንም አይፍቱ። ሣጥኑን እንደነበረ ይዝጉና ክፍሉን ይቆልፉ። የልጅ ልጆች ካሉ ቁልፉ አንገትዎ ላይ ይሁን። ይዘውት እንዳይወጡ፤ በባጃጅ ተሳፍረው ጥይት ታቅፈው ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ለእርስዎም ለሾፌሩም መዘዝ ነው። ባዶ እጅዎን ይሂዱ። ካልቻሉ የቀበሌውን ሰው ወይም የሚያምኑትን የዕድር ዳኛ ይላኩ። "ቤቴ ጥይት አግኝቻለሁ፣ መጥታችሁ ውሰዱልኝ" ይበሉ። ልጅዎ መሣሪያውን ሲያስረክብ የተሰጠው ወረቀት ካለ እሱን ይያዙ። ሲወስዱም ስንት እንደተረከቡ የተጻፈበት ፊርማ ያለው ወረቀት ይጠይቁ፤ አያፍሩ፣ እኔም በሥራ ዘመኔ ሳልፈርም የተረከብኩት የለም።

ጋቢውንም አብረው ይስጡ። የእርሳስ ብናኝና አረንጓዴው ዝገት ገብቶበታል፣ ታጥቦ ለመልበስ አይሆንም።